ልጁ ራሱ እንዲያስብ፦ ዘመናዊ የማስተማር ዘዴን ቤትም ክፍልም እንዴት እንጠቀምበት

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዘመናዊ ትምህርት ቤት የትኛው ነው?» ይሉኛል። ሲጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ታብሌት ነው፤ ደማቅ ቀለም የተቀባ ክፍል ነው፤ ዙሪያውን የተደረደረ ወንበር ነው። እኔ የታችኛው ክፍል መምህርት ነኝ። ሒሳብና ሳይንስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወደ አንድ ክፍል ስገባ ዕቃውን አላይም። የማየው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ክፍል ውስጥ እያሰበ ያለው ማን ነው? መምህሩ ነው ወይስ ልጆቹ?

መምህሩ ብቻውን አስቦ፣ ብቻውን ጠይቆ፣ ብቻውን መልሶ የሚወጣበት ክፍል ታብሌት ቢሞላም ያረጀ ነው። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ያለው ክፍል ውስጥ ልጆቹ እየገመቱ፣ እየተከራከሩ፣ ምክንያታቸውን እየተናገሩ ከሆነ ግን እሱ ዘመናዊ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንን ቤትና ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምናመጣው ነው። ለወላጅም ለመምህርም ይሆናል።

ሐሳቡ እንደሚባለው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ ልጆች እየሠሩ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ቺካጎ ውስጥ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤቷን የከፈተችው በ1907 ነው። ወንበሩንና ጠረጴዛውን በልጆቹ ቁመት ልክ አሠራች። ልጆቹ የሚሠሩበትን ዕቃ ራሳቸው መርጠው እንዲያነሱ፣ ሲጨርሱም ራሳቸው ወደ ቦታው እንዲመልሱ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ተመራማሪዎች የትኛው ዘዴ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደማይሠራ በሙከራ አጣርተዋል። እኛም የእነሱን ልፋት መጠቀም እንችላለን።

ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዕቃ የማይጠይቅ፣ ዛሬውኑ የሚጀመር ነገር ይህ ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው ብዙ የክፍል ውይይቶችን በድምፅ ቀድታ አጠናች። መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፣ ወይ ጥያቄውን ይደግማሉ፣ ወይ ራሳቸው ይመልሳሉ። ዝምታውን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት ብዙ ነገር ተለወጠ። የልጆቹ መልስ ረዘመ። «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ። ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ በፊት ድምፃቸው የማይሰማ ልጆችም እጃቸውን አወጡ።

3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ሞክሩት። ክፍል ፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው በጣም ይረዝማል። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ ልጆቹን አፍጥጬ ካየኋቸው ይጨነቃሉና።

ሁለተኛ ዝምታም አለ። ልጁ ከመለሰ በኋላ ያለው ነው። ልጁ እንደመለሰ «ጎበዝ! ትክክል!» ካልን የሌሎቹ ጭንቅላት እዚያው ይዘጋል። መልሱ ታውቋላ! ስለዚህ መልሱ ትክክል ሆነም አልሆነ ፊቴን ሳልቀይር «እንዴት አወቅሽ?» ነው የምለው። ቀጥዬም «ከእሷ ጋር የሚስማማ ማነው? የማይስማማስ?» እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ልጆች «እንዴት አወቅሽ?» ሲባሉ የተሳሳቱ ይመስላቸዋል፤ ወዲያው መልሳቸውን ይቀይራሉ። ለትክክለኛውም መልስ እየጠየቃችሁ ስትቀጥሉ ይለምዱታል።

ቤት ውስጥም ይኸው ነው። ልጅ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከመንገራችሁ በፊት «አንተ ምን ይመስልሃል?» በሉት። ከዚያ ጠብቁ። ለማምለጥ አይሁን ታዲያ። ሐሳቡን ከሰማችሁ በኋላ የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን አብራችሁ ፈልጉ። ልጅ ጠይቆ ጠይቆ መልስ ካጣ መጠየቅ ያቆማል።

ክፍል ውስጥ ሌላ ችግር አለ። እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፉና በዕጣ አውጡ። ግን በድንገት አትጥሩ። መጀመሪያ ጥያቄው ይጠየቅ፤ ሁሉም ለብቻው ያስብ፤ ከዚያ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ለአንድ ደቂቃ ያውራ፤ ከዚያ ዕጣ ይውጣ። ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ከጓደኛው ጋር አንዴ ከተናገረው በኋላ ለክፍሉ መናገር ይቀለዋል። ጎኑ ካለው ልጅ የሰማውን ቢናገርም ችግር የለውም። በስንት ወር አንዴ የሚሰማው ድምፅ በየሳምንቱ ሲሰማ ማየት ለእኔ ከማስተማር ደስታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

የቤት ሥራ ላይ መርዳት እስከ የት?

ወላጆች እዚህ ላይ ሁለት ጫፍ ይይዛሉ። አንዳንዱ እርሳሱን ከልጁ እጅ ቀምቶ ይሠራለታል። አንዳንዱ ደግሞ «የራስህ ጉዳይ ነው» ብሎ ይተወዋል። በመሀል ያለውን መንገድ በደንብ ያስረዳው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን የሚችለው ነገር አለ። ጭራሽ የማይችለው አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰው ትንሽ ሲያግዘው የሚችለው አለ። ልጅ የሚያድገው እዚህ መካከል ላይ ሲሠራ ነው። ዴቪድ ዉድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ በ1976 ይህን ዓይነቱን እገዛ ሕንፃ ሲሠራ ከሚቆመው መወጣጫ ጋር አመሳሰሉት። ግንቡ ሲጠነክር መወጣጫው ይነሳል።

ስለዚህ እገዛችሁ ከትንሹ ይጀምር። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

መጀመሪያ ምንም አትበሉ። ሲታገል ዝም ብላችሁ እዩት። ትንሽ መቸገር ጉዳት የለውም።

እምቢ ካለው «ጥያቄው ምንድን ነው የሚለው? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» በሉት። ከልምዴ እንደማየው ብዙ የሒሳብ ችግር የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ስሌቱን ይችላል፤ ጥያቄውን ነው ያላነበበው።

አሁንም ካልሆነ «ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ምን ሠርተሃል?» ብላችሁ ደብተሩን ወደ ኋላ እንዲገልጥ አድርጉ። ወይም ቁጥሩን አሳንሱለት። 348ን በ12 ማካፈል ካቃተው 36ን በ12 ያካፍል።

በመጨረሻ ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ወስዳችሁ ከላይ እስከ ታች ሠርታችሁ አሳዩት። እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንደሠራችሁ እየተናገራችሁ ሥሩ። ከዚያ ወደ ራሱ ጥያቄ ይመለስ። የእሱን ጥያቄ ግን አትሥሩለት።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ክፍልፋይ ስናስተምር በየዓመቱ የሚመጣ ስህተት አለ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ሲባሉ ልጆች 2/5 ይላሉ። ላይ ያሉትን ደመሩ፣ ታች ያሉትን ደመሩ። ለእነሱ በደንብ ያስኬዳል። «ተሳስተሃል፣ መጀመሪያ ታህቱን አንድ ዓይነት ማድረግ አለብህ» ብትሉት ሕጉን ይሸመድዳል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው 2/5 ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ሐሳቡ አልተነካም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። እኩል ርዝመት ያላቸው ሦስት የወረቀት ቁራጮች እሰጣቸዋለሁ። አንዱን ለሁለት እኩል ያጥፉታል፤ አንዱን ለሦስት፤ አንዱን ለአምስት። «እስቲ 2/5ን ከ1/2 አጠገብ አድርጉት። የቱ ይበልጣል?» እላለሁ። 2/5 ያንሳል። ከዚያ ዝም እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ይነቃል። «እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?» ይላል። ክፍሉ መንጫጫት ይጀምራል። አሁን ጥያቄው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የእነሱ ሆኗል። አራተኛ ቁራጭ ሰጥቼ ለስድስት እንዲያጥፉት ሳደርግ ግማሹ 3/6፣ ሲሶው 2/6 እንደሆነ ራሳቸው ያዩታል። ሕጉን ከዚያ በኋላ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ሕጉ የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ስህተት እንዲህ ነው መታየት ያለበት። ልጁ እንዴት እያሰበ እንዳለ ያሳየናል። ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ ኤክስ ከማድረግ በፊት «እስቲ እንዴት እንደሠራኸው አስረዳኝ» ማለት ብዙ ነገር ይገልጣል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤም ሥራውን የጀመረው የልጆችን የተሳሳተ መልስ በቁም ነገር በመስማት ነው። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ውኃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገልብጡ። «አሁን በዛ» ይላችኋል። አትከራከሩት። መልሶ ወደ ሰፊው እንዲገለብጠው ስጡት። ደጋግሞ ይጫወትበት።

ሽምደዳ ይጠፋል ማለት አይደለም

አንዳንድ ሰው ዘመናዊ ትምህርት ሲባል ልጅ ምንም በቃሉ መያዝ የለበትም ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የብዜት ሠንጠረዥን በቃሉ የማያውቅ ልጅ ከበድ ያለ ጥያቄ ሲገጥመው ሐሳቡ ሁሉ 7 ጊዜ 8ን በመፈለግ ያልቃል። ለማሰቢያ የሚተርፈው ቦታ አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ይረዳው፤ ከዚያ በቃሉ ይያዘው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጥያቄው እንዴት ይያዘው የሚለው ነው። አብዛኛው ልጅ የሚያጠናው ደብተሩን ደጋግሞ በማንበብ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ እንዲያነቡ አደረጉ። አንዱ ቡድን ደግሞ አነበበው። ሌላው ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ትንሽ በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ከጭንቅላታቸው ለማውጣት የሞከሩት 56 በመቶ አስታወሱ።

ለዚህ ነው ልጃችሁ «አጥንቻለሁ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ» ብሎ ተኝቶ ፈተና ላይ የሚጠፋበት። አልዋሸም። ያን ማታ እውነት ያውቀው ነበር።

ስለዚህ አጠናኑን ቀይሩት። አንድ ገጽ አንብቦ ደብተሩን ይዝጋ። ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፤ ትንሽ ከሆነ ይሳል ወይም ለእናንተ ይንገር። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የቀረውን በሌላ ቀለም ይጨምር። በሁለተኛው ቀን ያንኑ ለአምስት ደቂቃ ይድገመው። በሳምንቱ ደግሞ አንዴ። ለፈተና ዋዜማ ተከምሮ የሚጠና ነገር ለዋዜማው ብቻ ነው የሚሆነው። መምህራን ደግሞ ክፍለ ጊዜውን በሦስት ጥያቄ ጀምሩ፤ አንድ ከትናንት፣ አንድ ካለፈው ሳምንት፣ አንድ ካለፈው ወር። ማርክ የሌለው ይሁን። ልጆቹ ሳይፈሩ ለማስታወስ የሚታገሉበት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል።

ማርክ፣ ሙገሳ፣ ሽልማት

ሩት በትለር በ1988 ባወጣችው ጥናት ተማሪዎችን ለሦስት ከፈለቻቸው። አንዱ ቡድን ለሥራው ማርክ ብቻ ተሰጠው። ሁለተኛው አስተያየት ብቻ። ሦስተኛው ሁለቱንም። በቀጣዩ ሥራቸው የተሻሻሉትና ፍላጎታቸው የጨመረው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። ማርኩ ሲጨመርበት የአስተያየቱ ጥቅም ጠፋ። ደብተር መልሶ ያደለ መምህር ይህን ያውቀዋል። ልጆች ቁጥሩን ያያሉ፣ የጎናቸውን ልጅ ቁጥር ያያሉ፣ ደብተሩን ይዘጉታል።

ማርክ ማጥፋት አንችልም፤ ማጥፋትም የለብንም። ማዘግየት ግን እንችላለን። ደብተሩን መጀመሪያ በአስተያየት ብቻ መልሱ። አስተያየቱ የሚሠራ ነገር ይኑረው። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ምንም አይነግረውም። «ሦስተኛው መስመር ላይ ዙሪያውን ነው ያሰላኸው፤ ጥያቄው ስፋቱን ነው። ሥዕሉን ሥለህ ድጋሚ ሞክር» ሲባል ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ለማረም ደግሞ የክፍል ሰዓት ስጡት። ጊዜ ካልተሰጠው አያርመውም። ቤት ውስጥም «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው የከበደህ?» በሉ።

ሙገሳን በተመለከተ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ያወጡት ሥራ አለ። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሠርተው ግማሾቹ «ብልህ ነሽ» ተባሉ፤ ግማሾቹ «በደንብ ደክመሽበታል» ተባሉ። ከዚያ ከበድ ያለ ጥያቄ ተሰጣቸው። ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ውጤታቸውም ቀነሰ። ይህ ማለት «ጎበዝ» የምትለው ቃል ከቤት ትጥፋ ማለት አይደለም። ልጅን በፍቅር ጎበዝ ማለት ደግ ነው። ግን ለምን ጎበዝ እንደተባለ ይወቅ። «ጎበዝ! የመጀመሪያው መንገድ እምቢ ሲልሽ ሌላ ፈለግሽ» በሏት። ያደረገችውን ነገር ነገ መድገም ትችላለች። በተቃራኒው «ሰነፍ» የሚለው ቃል ልጅ ላይ የሚያደርሰውን በዓይኔ አይቻለሁና ለምኜ እለምናችኋለሁ፤ ተዉት። አራት ዓመት ሙሉ «እኔ እኮ ሒሳብ አይገባኝም» እያለ የሚያድግ ልጅ ያን ዓረፍተ ነገር የሆነ ቦታ ሰምቶት ነው።

ሽልማትም ይታሰብበት። ማርክ ለፐር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1973 መሳል የሚወዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ወሰዱ። ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ የተባሉት፣ ከቀናት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሣሉ። ልጁ ወዶ በሚያደርገው ነገር ላይ ዋጋ አትለጥፉበት። መጽሐፍ የሚወድ ልጅን በመጽሐፍ ብዛት አትሸልሙት። ስላነበበው ነገር አዋሩት፤ ይበቃዋል።

የቡድን ሥራ ሲበላሽና ሲሳካ

ስድስት ልጆች ተቀምጠው አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። የቡድን ሥራ የሚጠላው በዚህ ነው፤ የሠራችዋም ልጅ ታዝናለች፣ ያልሠሩትም ምንም አልተማሩም። መፍትሔው ሥራው ራሱ ያለ ሁሉም እንዳይጠናቀቅ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊዮት አሮንሰን በ1971 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ያመጣው ዘዴ ለዚህ ግሩም ነው። ነጭና ጥቁር ልጆች ገና አብረው መማር የጀመሩበት፣ ጠብ የበዛበት ጊዜ ነበር።

ትምህርቱ ስለ ዕፅዋት ነው እንበል። ቡድኑ አራት ልጆች ይኑሩት። አንዱ ስለ ሥር፣ አንዱ ስለ ግንድ፣ አንዱ ስለ ቅጠል፣ አንዱ ስለ አበባ ብቻ የሚናገር ወረቀት ይሰጠው። ከዚያ ሥር የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው ለብቻቸው ይሰብሰቡ፤ አብረው ያንብቡ፤ እንዴት እንደሚያስረዱ ይመካከሩ። ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምሩ። በመጨረሻ ሁሉም ስለ አራቱም ለየብቻው ይጠየቃል። የቅጠሉ ነገር ያለው ልጅ ዝምተኛ ቢሆን እንኳ ጓደኞቹ ይለምኑታል፤ ይታገሡታል። ምክንያቱም እሱ ብቻ ነው ያለው። ክፍላችሁ ብዙ ልጅ ቢኖረውም ይሠራል፤ ቡድኖቹን ማብዛት ነው።

ለትንንሾቹ

ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጨዋታ ዋናው ትምህርት ነው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ ገና ትምህርት ቤት ካልገቡ፣ ከድሃ ቤተሰብ ከመጡ ልጆች ጋር ያደረጉት ሙከራ አለ። ከ1 እስከ 10 በተርታ የተጻፉ ካሬዎች ያሉት ሰሌዳ ላይ ልጆቹ ተጫወቱ። አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ። የቁጥር መጠንን የመገመት ችሎታቸው በግልጽ ጨመረ። ይህን በካርቶንና በእስክሪብቶ መሥራት ይቻላል። አንድ ቁም ነገር ግን አትርሱ። ልጁ 3 ላይ ቆሞ ሁለት እርምጃ ሲደርሰው «አንድ፣ ሁለት» አይበል። «አራት፣ አምስት» እያለ ይሂድ። የቆመበትን ቁጥር ስም እየጠራ ሲሄድ ነው ቁጥሩና ርቀቱ የሚገናኙለት።

ተረት ስታነቡለትም ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ አትዝጉት። መሀል ላይ ቁሙ። «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሻል?» «ለምን ተደበቀ?» በሉ። የተናገረችውን ትንሽ አስረዝማችሁ መልሱላት። «ሮጠ» ካለች «አዎ፣ ስለፈራ ወደ ጫካው ሮጠ» በሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ራሷ ትናገረዋለች።

አዲስ ሁሉ ጥሩ አይደለም

«ልጄ በማየት የሚማር ነው፣ በመስማት አይገባውም» የሚል አባባል ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገኗል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2008 ያሉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ልጆችን በዚህ መልክ ከፋፍሎ ማስተማር እንደሚጠቅም የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለሁሉም ልጅ አሳዩት፣ አሰሙት፣ አስነኩት። ስም አትለጥፉበት።

ሌላው «ልጁ ሁሉንም ራሱ ያግኘው» የሚለው ነው። ለጀማሪ ይህ ይከብዳል። ጆን ስዌለርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ለትምህርቱ አዲስ የሆነ ተማሪ ተሠርቶ የታየ ምሳሌ ሲያጠና ለብቻው ከመታገል የበለጠ ይማራል። ልጁ እየበረታ ሲሄድ ነው ነፃነቱ የሚሰፋው። ከላይ የክፍልፋዩን ትምህርት ሳስረዳ ወረቀቱን፣ ጥያቄውንና ቅደም ተከተሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ያሰቡት በዚያ ውስጥ ነው። እንዲያስቡ ማድረግና መተው የተለያዩ ናቸው።

ኮምፒውተርም ብቻውን አያስተምርም። ፔሩ ለልጆች ላፕቶፕ በብዛት ካደሉ አገሮች አንዷ ናት። በ2012 የወጣው ግምገማ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኘም። ታብሌት ቤታችሁ ካለ ልጁ የሚሠራበት ይሁን፤ ታሪክ ይቅረጽበት፣ የቅጠል ፎቶ አንስቶ ያወዳድርበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እንቅልፍንም አደራ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ነው። ሳይተኛ የመጣ ልጅ ላይ ምንም ዘዴ አይሠራም።

ከየት ልጀምር ለሚል

ሁሉንም በአንዴ አትሞክሩት። ልጆቹም ግራ ይገባቸዋል፤ እናንተም ትሰለቻላችሁ። ወላጅ ከሆናችሁ ለአንድ ወር «እንዴት አወቅህ?» የሚለውንና ደብተር ዘግቶ መጻፍን ብቻ ያዙ። መምህር ከሆናችሁ ከዝምታው ጀምሩ፤ ከዚያ በሦስቱ ጥያቄዎች ቀጥሉ፤ የቡድኑ ሥራ ክፍሉ መነጋገር ከለመደ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ትምህርቱም የዘገየ ይመስላል። አትደንግጡ። ለውጡን በማርክ አትፈልጉት፤ ማርክ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ልጁ «አላውቅም» ማለት ትቶ «ቆይ፣ ላስብ» ሲል ነው የሚታወቀው። ስህተቱን ሲያገኝ ከመደበቅ ይልቅ ሲያሳያችሁ ነው።

ትምህርት ቤት ለመምረጥ የምትዞሩ ደግሞ ከተፈቀደላችሁ ክፍል ውስጥ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እዩ፤ የተገዛ ፖስተር ብቻ ነው ወይስ የልጆቹ ሥራ? የልጆቹ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ወይስ ይለያያል? አንድ ልጅ ሲሳሳት ሌሎቹ ይስቁበታል ወይስ ይሰሙታል? ልጆች ምን ያህል ይጠይቃሉ? ልጃችሁ እዚያ እየተማረ ከሆነ ደግሞ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ልጄ ባለፈው ወር የማይችለው፣ አሁን የሚችለው ነገር ምንድን ነው?» ልጁን የሚያውቅ መምህር ደብተሩን ከፍቶ ያሳያችኋል።